ከወይን ጠጁ ቀለም ወዲያ፦ ከጎረቤታቸው ጋዝ የሚስቡ ነጭ ድንክ ኮከቦች እንዴት ታዩ?

በሥነ ፈለክ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር መኖሩ የታወቀበት ዘመንና በመሣሪያ የታየበት ዘመን አንዳንድ ጊዜ በጣም ይራራቃሉ። ኔፕቲዩን የተባለችው ፕላኔት በ1846 ያለችበት ቦታ በስሌት ከተነገረ በኋላ፣ ቴሌስኮፑ ወደዚያ በዞረበት በመጀመሪያው ሌሊት ተገኘች። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይቀናም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ታሪኩን የምንከታተለው ኮከብ፣ ሥራው ከመቶ ዓመት በላይ በብዙ ሰዎች ዓይን ሲታይ ኖሮ እርሱ ራሱ ሳይታይ የቆየ ነው። ይኸውም ከጎረቤቱ ኮከብ ጋዝ እየሳበ በላዩ የሚከምረው ነጭ ድንክ ኮከብ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ይህን ለመመርመር የተነሣነው ነገሩ አስደናቂ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። ነጭ ድንክ ኮከብ መጠነ ቁሱ ከፀሐይ 1.4 እጥፍ ወደሚሆነው ወሰን ሲጠጋ ራሱን መሸከም ያቅተዋል፤ ከካርቦንና ከኦክስጅን የተሠራ ከሆነም በአንድ ጊዜ ነድዶ ይፈነዳል። ሊቃውንት እጅግ ሩቅ የሆኑ ጋላክሲዎችን ርቀት የሚለኩት በዚህ ዓይነቱ ፍንዳታ ብርሃን ነው። በ1998 ሁለት የምርምር ቡድኖች ጽንፈ ዓለሙ እየፈጠነ እንደሚሰፋ ያስታወቁትም በዚሁ መለኪያ ነበር። እንግዲህ ጋዝ የሚስበው ድንክ እየከበደ ይሄዳል ወይስ እየቀለለ የሚለው ጥያቄ የአንድ ኮከብ ጉዳይ ሆኖ አይቀርም። በሚዛን ላይ ለማውጣት ግን አስቀድሞ ኮከቡን ማየት ያስፈልጋል።

ነጭ ድንክ ኮከብ ማለት ነዳጁን የጨረሰና የውጭ ልብሱን ያወለቀ የኮከብ እምብርት ነው። መጠነ ቁሱ ከፀሐይ ጋር ሲወዳደር፣ ስፋቱ ከመሬት ብዙም አይበልጥም። የመጀመሪያው ዜና የመጣው ከጀርመናዊው ቤሰል ነው፤ በ1844 ሲሪየስ የተባለው ደማቅ ኮከብ በሰማይ ላይ ቀጥ ብሎ እንደማይሄድ፣ የማይታይ ባልንጀራ ወዲያና ወዲህ እንደሚስበው አስታወቀ። በ1862 አሜሪካዊው አልቫን ግራም ክላርክ አዲስ የተሠራ ሌንስ ሲፈትን ያንን ባልንጀራ አየው። በ1915 ዋልተር አዳምስ ብርሃኑን በስፔክትሮስኮፕ በትኖ ሲመረምረው ደካማው ኮከብ ቀይና ቀዝቃዛ ሳይሆን ነጭና ትኩስ ሆኖ ተገኘ። ትኩስ ሆኖ ደካማ መሆን የሚቻለው እጅግ ትንሽ ከሆነ ብቻ ነው። እንዲህ የታመቀ ነገር እንዴት እንደሚቆም እንግሊዛዊው ፋውለር በ1926 በኤሌክትሮኖች ጠባይ አስረዳ፤ ሕንዳዊው ወጣት ቻንድራሴካር ደግሞ በ1930 ወደ እንግሊዝ አገር በመርከብ ሲጓዝ በጀመረው ስሌት የመጠነ ቁሱን ወሰን አገኘ። ለዚህና ለሌላው ሥራው በ1983 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

ሌላው የታሪኩ መስመር የሚነሣው ለንደን ላይ ነው። በታኅሣሥ 1855 ጆን ራስል ሃይንድ፣ አነስተኛ ፕላኔቶችን ለመፈለግ የሚረዳ የከዋክብት ካርታ ሲያዘጋጅ፣ በሀገራችን ዐውደ ነገሥት ገውዝ ተብሎ በሚታወቀው ጭፍራ ውስጥ ከዚያ በፊት ያልነበረ ኮከብ አየ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮከቡ ደበዘዘ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ተመልሶ በራ። ዛሬ ዩ ጀሚኖረም ተብሎ የሚጠራው ይህ ኮከብ በአማካይ በየመቶ ቀኑ ያህል አንድ ጊዜ ይነሣና ከተለመደው ብርሃኑ መቶ እጥፍ ይበራል፤ ከአንድ ከሁለት ሳምንት በኋላም ወደ ነበረበት ይመለሳል። በ1896 በሃርቫርድ የኮከብ መመልከቻ ፎቶግራፎችን ስትመረምር የነበረችው ሉዊዛ ዌልስ ሁለተኛውን አገኘች። እርሱም ኤስኤስ ሲግኒ ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉት ኮከቦች «ድንክ ኖቫ» ተባሉ። አንድ ጊዜ ብቻ በታላቅ ኀይል ተነሥቶ በመቶ ሺሕ እጥፍ ሊበራ የሚችለው ደግሞ በቀድሞ ስሙ «ኖቫ» ተብሎ ቀረ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የምናነሣቸው ሰዎች አሉ። እነርሱም ደመወዝ ሳይቀበሉ በየማታው በትናንሽ ቴሌስኮፖች ሰማይን የሚጠብቁት ናቸው። በ1911 በአሜሪካ የተለዋዋጭ ኮከቦች ተመልካቾች ማኅበር ተመሠረተ፤ በኒውዚላንድም ፍራንክ ቤትሰን በ1927 የደቡቡን ሰማይ የሚጠብቅ ክፍል አቋቋመ። ነጋዴ፣ አስተማሪ፣ ሐኪም፣ ገበሬ የሆኑ ሰዎች ኤስኤስ ሲግኒ ዛሬ ስንት ይበራል ብለው በዓይናቸው እየገመቱ መዘገቡ። ይህ መዝገብ ከመቶ ዓመት በላይ ሳይቋረጥ ቀጥሏል። በብዙ ታሪኮች ውስጥ እነዚህ ሰዎች በግርጌ ማስታወሻ ብቻ ሲጠቀሱ እናያለን። እንደ እኛ አስተያየት ግን የቀረው ታሪክ ሁሉ ያለ እነርሱ የሚሠራ አይደለም፤ ለምን እንደዚህ እንደምንል ወደ ኋላ ይታያል።

ኮከቦቹ ለምን እንደሚነሡ ግን ለመቶ ዓመት ያህል የሚያውቅ አልነበረም። መፍቻው የተገኘው በ1954 ነው። አሜሪካዊው መርል ዎከር በ1934 የፈነዳውን ኖቫ፣ ዲኪው ሄርኩሊስን፣ ሲመለከት በየ4 ሰዓት ከ39 ደቂቃው ግርዶሽ እንደሚደርስበት አየ። ግርዶሽ ካለ የሚጋርድ አለ፤ ስለዚህ ኮከቡ ብቻውን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሮበርት ክራፍት እስከ 1964 ድረስ ባሳተማቸው ጽሑፎች፣ እርሱ ለመመርመር የቻላቸው ድንክ ኖቫዎችና የቆዩ ኖቫዎች ከሞላ ጐደል ሁሉም ጥንድ ኮከቦች መሆናቸውን አሳየ። ዩ ጀሚኖረም ዙሩን የሚጨርሰው በ4 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። ይህን ያህል ፈጣን ዙር እንዲኖር ሁለቱ ኮከቦች በጣም ተቀራርበው፣ በጠቅላላው በፀሐይ ስፋት ልክ በሆነ ቦታ ውስጥ ተጠጋግተው መኖር አለባቸው።

ከዚህ የተነሣ የታሰበው ሥዕል እንዲህ ነው። አንደኛው ኮከብ ከፀሐይ ያነሰ ቀይ ኮከብ ሲሆን ከመጠጋጋቱ የተነሣ ወደ ጎረቤቱ በኩል እንደ እንባ ጠብታ ተስቦ ጋዙ በሹሉ በኩል ይፈስሳል። ጋዙ በዙር ላይ ስላለ በቀጥታ በድንኩ ላይ አይወድቅም፤ በዙሪያው እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ እየተሽከረከረ፣ በውስጥ ሰበቃ እየጋለ፣ ቀስ በቀስ ወደ መካከል ይወርዳል። ይህን ሰፌድ ሊቃውንት «ዲስክ» ይሉታል፤ እኛም እንደዚያው እንጠራዋለን። የድንክ ኖቫው መነሣት ዲስኩ በድንገት ጋዙን ወደ ውስጥ ማፍሰሱ ነው፤ የእውነተኛው ኖቫ ፍንዳታ ደግሞ በድንኩ ገጽ ላይ ለብዙ ሺሕ ዓመታት የተከመረው ሃይድሮጅን በኑክሌር እሳት መቀጣጠሉ ነው። ሥዕሉ ግሩም ነው። ጕድለቱ አንድ ነበር፤ በመካከል ተቀምጧል የተባለውን ነጭ ድንክ ያየው አልነበረም። ደብልዩዜድ ሳጂቴን በመሰሉ በጣም ደካማ ኮከቦች ላይ ሰፋፊ የሃይድሮጅን መስመሮች ታይተው ጥርጣሬ አሳድረው ነበር፤ በቀሩት ላይ ግን የዲስኩ ብርሃን ሁሉን ሸፍኖ ይዟል።

እዚህ ላይ ትልቅ ቴሌስኮፕ ምን ሠራ የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው። በፓሎማር ተራራ ላይ ያለው ባለ 5 ሜትር መስተዋት ያን ጊዜ በሥራ ላይ ነበር። ችግሩ የመስተዋቱ ማነስ ሳይሆን የብርሃኑ ዓይነት ነበር። የአንድ ትኩስ አካል ብርሃን ከሁሉ በላይ የሚበረታበት የሞገድ ርዝመት እንደ ሙቀቱ ይለያያል። ፀሐይ በ5,800 ኬልቪን ገደማ ስትሆን ብርሃኗ የሚበረታው በ5,000 አንግስትሮም አጠገብ ነው፤ ይህ ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ነው። ሙቀቱ 15,000 ኬልቪን የሆነ ነጭ ድንክ የሚበረታው በ1,900 አንግስትሮም አጠገብ፣ 30,000 የሆነው ደግሞ ከ1,000 አንግስትሮም በታች ነው። ይህ ሁሉ በቀስተ ደመና ውስጥ የመጨረሻ ከሆነው ከወይን ጠጁ ቀለም ወዲያ ያለ ብርሃን፣ አልትራቫዮሌት የሚባለው ነው። ይህ ብርሃን መኖሩን ጀርመናዊው ሪተር በ1801 አግኝቶታል፤ በፕሪዝም ከተበተነው የፀሐይ ብርሃን ዳር፣ ምንም ቀለም ከማይታይበት ቦታ ላይ ያስቀመጠው የብር ጨው ከሌላው ቦታ ይልቅ ፈጥኖ ጠቈረ። ነገር ግን ከ3,000 አንግስትሮም በታች ያለውን በአየራችን ውስጥ ያለው ኦዞን ይውጠዋል። ይህ ለሕይወት በጎ ነው፤ ለሥነ ፈለክ ግን መጋረጃ ነው። ከመሬት የሚመለከት ሰው የድንኩን የብርሃን ጅራት ብቻ ያያል፤ በዚያ ክፍል ደግሞ ዲስኩና ቀዩ ኮከብ ይበረታሉ።

መጋረጃውን ለማለፍ ከአየር በላይ መውጣት ያስፈልግ ነበር። በጥቅምት 1946 አሜሪካኖች ከጀርመን በተማረከ ቪ-2 ሮኬት ላይ ስፔክትሮግራፍ ጭነው የፀሐይን አልትራቫዮሌት ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶግራፍ አነሡ። በዚያው ዓመት ላይማን ስፒትዘር ከአየር በላይ የሚቆም ቴሌስኮፕ ምን እንደሚጠቅም የሚዘረዝር ጽሑፍ አዘጋጀ፤ ሳተላይት የሚባል ነገር ገና ባልነበረበት ጊዜ ማለት ነው። ስለ ኮከቦች ብዙ ያስተማረችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት በታኅሣሥ 1968 የተላከችው ኦኤኦ-2 ናት። በየካቲት 1970 ኤፍኤች ሰርፔንቲስ የተባለ ኖቫ ሲፈነዳ እርሷ በሥራ ላይ ነበረች። የሚታየው ብርሃን ከቀን ወደ ቀን እየደከመ ሲሄድ አልትራቫዮሌቱ እየበረታ ሄደ። በ1974 ጋላገርና ኮድ ሁለቱን ደምረው ሲያዩ ድምሩ ለሳምንታት ያህል ብዙም እንዳልተለወጠ አሳተሙ። ከመሬት የሚያዩት ሰዎች «ኖቫው እየሞተ ነው» ሲሉ፣ በእውነቱ እሳቱ አልጠፋም፤ የተበተነው ጋዝ እየሳሳ ስለ ሄደ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ወደ ትኩሱ እምብርት ቀረበ እንጂ። ይህ አንድ ውጤት ብቻ አልትራቫዮሌትን ሳያዩ ስለ ኖቫ መፍረድ ግማሽ ምስክር ሰምቶ እንደ መፍረድ መሆኑን ያሳያል።

ከሁሉ ግን የላቀውን ሥራ የሠራችው አይዩኢ በሚል አጭር ስም የታወቀችው ዓለም አቀፍ የአልትራቫዮሌት ሳተላይት ናት። የመነሻው ሐሳብ የእንግሊዛዊው ሮበርት ዊልሰን ነበር። በ1960ዎቹ ለአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ያቀረበው ትልቅ ዕቅድ ወጪው በዛ ተብሎ ሲተው፣ አሳንሶና አሻሽሎ ለአሜሪካኖች አቀረበው። በመጨረሻ አሜሪካ፣ እንግሊዝና የአውሮፓው የጠፈር ድርጅት በአንድነት ሠርተው በጥር 26 ቀን 1978 ላኳት። መስተዋቷ 45 ሴንቲሜትር ብቻ ነበር፤ ይህም በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከሚገኘው የማስተማሪያ ቴሌስኮፕ ብዙም አይበልጥም። የምታየው ከ1,150 እስከ 3,200 አንግስትሮም ነበር። ሦስት ዓመት ትሠራለች ተብላ ተልካ ከ18 ዓመት በላይ ሠራች። አቅጣጫዋን ከሚጠብቁላት 6 ጋይሮስኮፖች በ1985 የቀሩት 2 ብቻ ቢሆኑም መሐንዲሶቹ የፀሐይን አቅጣጫ የሚለካ መሣሪያ ጨምረው በሁለቱ አስኬዷት። በመስከረም 1996 እስክትዘጋ ድረስ ከ100,000 በላይ ስፔክትረም አነሣች።

የዚህች ሳተላይት ጠባይ አንድ ልዩ ነገር ነበረው። ምኅዋሯ ከመሬት ዙር ጋር እኩል ስለ ሆነ ከጣቢያዎቿ እይታ አትርቅም ነበር። ከቀኑ ውስጥ 16 ሰዓት ከሜሪላንድ፣ 8 ሰዓት ከማድሪድ አጠገብ ካለችው ቪያፍራንካ ትመራለች። ተመራማሪው ራሱ ወደ ጣቢያው ሄዶ ስፔክትረሙ ሲመጣ እያየ ቀጥሎ የሚሠራውን እዚያው ይወስናል። ስለዚህ አንድ ድንክ ኖቫ በድንገት ቢነሣ ዕቅድ ለውጦ ወደዚያ መዞር ይቻል ነበር። መነሣቱን ማን ይነግረዋል? ከላይ ያነሣናቸው የማታ ጠባቂዎች ይነግሩታል። ኤስኤስ ሲግኒ በሳተላይቷ የመጀመሪያ ወራት ከታዩት ኮከቦች አንዱ ሆኖ ውጤቱ በዚያው በ1978 ታተመ።

በቀጠሉት ዓመታት ነገሮች ተራ በተራ ተገለጡ። በመነሣት ላይ ባሉ ድንክ ኖቫዎች ስፔክትረም ውስጥ በ1,549 አንግስትሮም ላይ ያለው የካርቦን መስመር ወደ አጭሩ ሞገድ በኩል ተስቦ ተገኘ። ይህም ከዲስኩ ላይ በሴኮንድ ብዙ ሺሕ ኪሎሜትር የሚነፍስ ነፋስ መኖሩን ያሳያል፤ ከመሬት ሆኖ ይህን የጠረጠረ አልነበረም ማለት ይቻላል። በደቡቡ ሰማይ ያለው ቪደብልዩ ሃይድሪ ደግሞ የተለየ ትምህርት ሰጠ። ሲነሣ መጀመሪያ የሚበራው የሚታየው ብርሃን ነው፤ አልትራቫዮሌቱ የሚከተለው ግማሽ ቀን ያህል ዘግይቶ ነው። እንግዲህ ማዕበሉ ቀዝቃዛ ከሆነው ከዲስኩ ውጭ ዳር ተነሥቶ ወደ ትኩሱ መካከል ይገባል ማለት ነው። ጃፓናዊው ኦሳኪ በ1974 ባቀረበው ሐሳብ መነሣቱ የዲስኩ የራሱ ሕመም ነው፤ ሌሎች ግን ቀዩ ኮከብ አልፎ አልፎ ብዙ ጋዝ ስለሚለቅ ነው ይሉ ነበር። የግማሽ ቀኑን መዘግየት ሁለቱም ወገኖች ለየራሳቸው ምስክር አድርገው ጠቀሱት፤ ክርክሩም ለዓመታት ቀጠለ። በኋላ የዲስኩ ሐሳብ አሸነፈ፤ ቢሆንም መዘግየቱን በልኩ የሚያስረዳ ስሌት ለማግኘት ዲስኩ ከመካከሉ ጎድጎድ ያለ እንደ ሆነ ማሰብ አስፈልጓል። ወደ ውጭ ፕላኔቶች የተላኩት የቮዬጀር መንኰራኵሮች እንኳ በመንገዳቸው ላይ ሳሉ በያዙት አነስተኛ ስፔክትሮሜትር እነዚህን ኮከቦች ተመልክተዋል። ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ሥራቸው ነው።

አሁን ወደ ድንኩ ራሱ እንመለስ። ዩ ጀሚኖረም በሚያርፍበት ጊዜ፣ ማለትም በሁለት መነሣቶች መካከል፣ ዲስኩ ይቀዘቅዛል፤ በአልትራቫዮሌት በኩልም ይጨልማል። በዚያ ጊዜ አይዩኢ ያነሣችው ስፔክትረም የዲስክ አልነበረም። ፓኔክና ሆልም በ1984 እንዳሳተሙት፣ በ1,216 አንግስትሮም ላይ ያለው የሃይድሮጅን መስመር ሰፊና ጥልቅ ሆኖ፣ የጠቅላላው ብርሃን አጣጣል 30,000 ኬልቪን ከሚሆን ነጭ ድንክ ገጽ ጋር ገጠመ። የመስመሩ ስፋት የሚመጣው በከባዱ ስበት ከታመቀው ከባቢ ነው፤ ሌላ ዓይነት ኮከብ እንዲህ ያለ መስመር ሊሠራ አይችልም። ሃይንድ ኮከቡን ካየ 129 ዓመት፣ ዎከር የጥንዶቹን ምሥጢር ካገኘ 30 ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያው ጊዜ ገደማ በቪደብልዩ ሃይድሪም ውስጥ ከዚህ የቀዘቀዘ፣ 18,000 ኬልቪን ያህል የሆነ ድንክ ታየ።

ድንኩ ከታየ በኋላ እንደ በሽተኛ ሙቀቱን በየጊዜው መለካት ተቻለ። በታኅሣሥ 1990 በኮሎምቢያ መንኰራኵር ላይ ተጭኖ የወጣው የሆፕኪንስ አልትራቫዮሌት ቴሌስኮፕ፣ ከዚያም በ1990 የተላከው ሀብል ቴሌስኮፕ ዩ ጀሚኖረምን ተመለከቱ። በመነሣቱ ማግሥት 39,000 ኬልቪን ገደማ የነበረው ገጽ ከሁለት ወር ከሚበልጥ ጊዜ በኋላ ወደ 32,000 ወርዶ ተገኘ። ጋዙ ሲወድቅበት ይግላል፤ ሲተወው ይበርዳል። ደብልዩዜድ ሳጂቴ ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ የተነሣው በ1913፣ በ1946፣ በ1978 እና በ2001 ብቻ ነው። የ1978ቱ መነሣት ደግነቱ አይዩኢ በወጣችበት ዓመት ሆነ። ከ1978ም ከ2001ም በኋላ የተደረገው ክትትል ድንኩ እስኪበርድ ዓመታት እንደሚፈጅበት አሳየ።

በ1994 የወጣ አንድ ውጤት ደግሞ ብዙዎችን ያስገረመ ነው። ሲዮንና ባልደረቦቹ በሀብል የዩ ጀሚኖረምን ቀጫጭን የሲሊኮን መስመሮች ለክተው ድንኩ የሚሽከረከረው በሴኮንድ ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር በሆነ ፍጥነት መሆኑን አገኙ። በገጹ አጠገብ የሚዞረው ጋዝ በሴኮንድ ብዙ ሺሕ ኪሎሜትር ይሮጣል፤ ለረጅም ዘመን እንዲህ ያለ ጋዝ የተቀበለ ኮከብ እንደ እንዝርት ሊፈጥን በተገባው ነበር። ስላልፈጠነ የተቀበለውን ሽክርክሪት የሚወስድበት አንድ ነገር አለ። ብዙዎች የሚጠረጥሩት የኖቫ ፍንዳታን ነው፤ ፍንዳታው የተከመረውን ገፎ ሲጥል ሽክርክሪቱንም ይዞ ይሄዳል ይላሉ። ይህ ነገር ወደ መጀመሪያ ጥያቄያችን ያደርሰናል። የሚገፈፈው የተከመረው ብቻ ነው ወይስ ከድንኩም ይነካል?

ለዚህ በየካቲት 1992 የተገኘው የሲግነስ ኖቫ፣ ቪ1974 ሲግኒ፣ ብዙ መስክሯል። አይዩኢና ሀብል ተከታተሉት። በተበተነው ጋዝ ውስጥ ኒዮን ከፀሐይ ውስጥ ካለው ልክ በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። ቀዩ ኮከብ ይህን ያህል ኒዮን አይሰጥም፤ የተከመረው ሃይድሮጅን ሲነድም ይህን ያህል ኒዮን ከምንም አይፈጠርም። ስለዚህ ከኦክስጅንና ከኒዮን ከተሠራው ከድንኩ እምብርት ተፈልፍሎ የወጣ መሆን አለበት። ይህ ማለት ቢያንስ በዚህ ኮከብ ላይ ፍንዳታው ካገኘው በላይ ወሰደ የሚያሰኝ ነው። በሌላ በኩል በ2011 ዞሮቶቪችና ባልደረቦቿ አስተማማኝ የሆኑትን ልኮች ሰብስበው ሲያሳትሙ በእነዚህ ጥንዶች ውስጥ ያሉት ድንኮች በአማካይ ከፀሐይ 0.83 የሚመዝኑ ሆኑ፤ ለብቻቸው የሚኖሩት ነጭ ድንኮች ግን 0.6 ያህል ናቸው። እንዲህ ከሆነ እየከበዱ ሄዱ ማለት ነው? ኒዮኑና ሚዛኑ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ።

ክርክሩን በመሃል ያቆመው የ2016 ሐሳብ፣ በእኛ ፍርድ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምን ነው። ሽራይበርና ባልደረቦቹ እንዳሉት ድንኮቹ አልከበዱም፤ ቀላሎቹ ጠፍተዋል እንጂ። ቀላል ድንክ ባለበት ጥንድ ውስጥ የኖቫ ፍንዳታ የተበተነው ጋዝ የጥንዶቹን ዙር ኀይል ይወስድና ሁለቱ ኮከቦች እስኪዋሐዱ ድረስ ይቀራረባሉ፤ ስለዚህ ዛሬ የምንቈጥራቸው ከዚህ ዕጣ የተረፉትን ከባዶቹን ብቻ ነው። ይህ ሐሳብ ልክ ከሆነ ተራ የሆኑት ድንክ ኖቫዎች ወደ ታላቁ ፍንዳታ የሚያደርሱ መንገዶች አይደሉም ማለት ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ብዙ ድንኮችን በእኩል ደንብ መለካት ነበር። ታውንስሊና ቢልድስተን በ2003 እንዳስረዱት የድንኩ ሙቀት የዛሬውን ጋዝ ብቻ አይናገርም፤ ከላይ የሚከመረው ጋዝ የታችኛውን እያመቀ ስለሚያግለው በዕረፍት ጊዜ የሚለካው ሙቀት ለብዙ ሺሕ ዓመታት በአማካይ ስንት ጋዝ እንደ ወረደ ይመሰክራል። በግንቦት 2009 ጠፈርተኞች በሀብል ላይ ኮስ የተባለውን አዲስ ስፔክትሮግራፍ ገጠሙ። በፓላ መሪነት በ2017 የታተመው ሥራ በዚህ መሣሪያ 40 ጥንዶችን፣ በ122 የሀብል ዙሮች፣ ተመልክቷል። ዙራቸው ከሁለት ሰዓት ያነሰው ጥንዶች ድንኮች ከተጠበቀው ይልቅ ትኩስ ሆነው በመገኘታቸው፣ ኮከቦቹን የሚያቀራርበው የስበት ሞገድ ብቻ አለመሆኑ ታወቀ። በ2022 የቀጠለው ሥራ አማካይ መጠነ ቁሱን 0.81 አድርጎታል።

የኮስ ዓይን በጣም ስስ ነው፤ በመነሣት ላይ ያለ ድንክ ኖቫ ብርሃን ሊጐዳው ይችላል። ስለዚህ ሀብል ወደ አንዱ ኮከብ ከመዞሩ በፊት ባሉት ሌሊቶች ኮከቡ ተኝቶ እንደ ሆነ የሚያረጋግጥ ሰው ያስፈልግ ነበር። የ1911ዱ ማኅበር አባላት በየአገራቸው በጓሯቸው ቴሌስኮፕ አይተው «ዛሬ ተኝቷል» ብለው ይልካሉ፤ ተነሥቶ ከሆነም ሀብል ያን ኮከብ ይተወዋል። የአይዩኢ ስፔክትረሞችም ሆኑ የሀብል፣ የተመልካቹ የብቸኝነት ጊዜ ካለፈ በኋላ ለማንም ክፍት ናቸው። ገውዝ በታኅሣሥና በጥር እኩለ ሌሊት በእኛ ሰማይ ላይ ከአናት ብዙም አይርቅም፤ ዩ ጀሚኖረም ሲነሣ በትንሽ ቴሌስኮፕ ሊታይ ይችላል።